በእኔ ፈንታ የታየችው እህቴ

እኔና እህቴ መንታ ነን። በአንድ ጧት ነው የተወለድነው። እሷ ቀድማ ወጣች፤ እኔ ደግሞ፣ እናታችን እየሳቀች እንደምትናገረው፣ «እስቲ ውጪው እንዴት እንደሆነ አይታ ትንገረኝ» ብዬ ትንሽ ዘግይቼ ተከተልኋት። አድገን እንኳ አባታችን ከጀርባ ሲያየን መለየት ስለሚቸግረው ሁለታችንንም «አንቺ» እያለ ነበር የሚያዘን። ልዩነታችን አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የእሷ ገላ ንጹሕ ነው፣ እኔ ችፌ አለብኝ።

ክርኔ መታጠፊያ ላይና ከጉልበቴ በስተኋላ ይወጣል። ሲብስበት ወደ አንገቴና ወደ እጄ አንጓ ይዘልቃል። ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ያዣል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሳይነሣ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሁሉ የሚከፋው ማሳከኩ ነው። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ «እግዚኦ» ሲል እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ክርኔን እፎክታለሁ። በጸሎት ሰዓት በመፎከቴ እጸጸታለሁ፤ ስጸጸት ይበልጥ ያሳክከኛል።

የተወለድነው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የእናታችን ጡት ለሁለት አልበቃ አለ። ፍኖተ ሰላም የምትኖር ታናሽ እህቷ ልጅ አልነበራትምና ገና ዓመት ሳይሞላን መጥታ «አንዷን ስጪኝ፣ እኔ ላሳድጋት» አለች። እናቴ «የቷን?» ብትላት «ቀድማ የነቃችውን» አለች ይባላል። የነቃሁት እኔ ነበርሁ። እንዲህ ሆኜ የከተማ ልጅ ሆንሁ። አክስቴንም እትዬ እያልሁ አደግሁ።

እትዬ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከቡሬ በጆንያ ታስመጣለች፣ ትቀነጥሳለች፣ ግቢው ውስጥ ታሰጣለች፣ አስወቅጣ ትሸጣለች። ቤታችን የገባ እንግዳ ከሰላምታው በፊት ያስነጥሳል። በእሷ ቤት የማይጓደሉ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ጸሎትና ሳሙና። «የእህቷን ልጅ ወስዳ አጎሳቆለቻት እንዳይሉኝ» እያለች ጧትና ማታ በልብስ ሳሙና ታሸኛለች። እህቴ ግን ገጠር ከጥጃና ከግልገል ጋር ጭቃ ላይ ስትንከባለል ትውላለች፤ ሳሙና የሚያገኛት ለዓመት በዓል ነው። ሆኖም ገላዋ እንከን አልነበረውም።

ሁለቱ እህትማማቾች በተገናኙ ቁጥር በእኔ ገላ ላይ ይከራከሩ ነበር። እናቴ እጅጌዬን ገልጣ ታይና ትጀምራለች።

«ስሰጥሽ ገላዋ ቅቤ ነበር። አንቺ ነሽ በሳሙና የላጥሻት።»

«ሳሙና በሽታ ይወልዳል እንዴ? ይኼ ከዘር የመጣ ነው። ካባቷ ወገን ጠይቂ!»

«ካባቷ ወገን ቢሆን ያችኛዋስ? ያው አባት አይደለም የወለዳት?»

«ያችኛዋማ ከጥጃ ጋር አንድ ላይ እያደረች ምን ችፌ ይደፍራታል! ችፌውም ጥጃውን ይፈራል እኮ።»

እናቴ ትስቃለች፣ ግን አትረታም። ስትሄድ ደግማ «ሳሙናውን ቀንሺላት» ትላለች። እትዬም ሳሙናውን ትጨምራለች።

መንግሥት ሲለወጥ ገና ልጆች ነበርን። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን እኔ ፍኖተ ሰላም ትምህርቴ ላይ ነበርሁ፤ እህቴ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ከእናታችን ጋር ቤት ይዛለች። ለዓመት በዓል ስወርድ ከቤቱ ጀርባ ጎትታ ወስዳኝ አንድ ልጅ እንዳለ ነገረችኝ። ከሽንዲ በኩል ነው፤ ወላጆቹ ደህና ገበሬዎች ናቸው።

«የት አገኘሽው?»

«ወፍጮ ቤት። ወረፋውን ለቀቀልኝ።»

«ወረፋ ስለለቀቀ ነው የምታገቢው?»

«አንቺ ወፍጮ ቤት ተሰልፈሽ ስለማታውቂ ነው» አለችኝ ተቆጥታ። «ከንጋት ጀምሮ ቆሞ፣ ሊደርሰው ሲል ነው የለቀቀልኝ። ከዚያ ተመልሶ ከኋላ ተሰለፈ። ሲመሽ ሳየው ገና እዚያው ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለድሁባትም። ፈልጋዋለች። እኔም ከእሷ እኩል እንዲሆንላት ተመኘሁ፤ ለቅድስት ድንግልም ተሳልሁላት።

እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል። መጀመሪያ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። ከዚያ ቀስ ተብሎ፣ በጎረቤት አፍ፣ ስለ ደዌ ይጠየቃል። በጣም የሚፈራው በስሙ የማይጠራው ነው፤ «ትልቁ በሽታ» ይሉታል፣ ቁምጥናን ነው። ሐኪሞቹ የዘር አይደለም፣ መድኃኒትም አለው እያሉ ቢያስተምሩም፣ በሠርግ ወሬ ጊዜ ግን የሐኪም ቃል የሚያስታውስ አልነበረም። ችፌንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ችፌ መሆኑንም ያውቃል። ሚዛን ላይ የሚወጣው ጋብቻ ሲሆን ግን ገላ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ስሙ ይለወጣል።

የልጁ እናት መጡ። እናቴ ቤት አረፉ፣ እህቴን አዩ፣ እጇን ይዘው አገላበጡ፣ ወደዷት። ሲነሡ ግን አንድ ነገር ተናገሩ።

«መንታ ናት አላችሁ። መንታ አንድ ሥጋ ነው። ያችኛዋንም ልያት።»

እናቴ በማግሥቱ እህቴን ይዛ በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ደረሰች። ወሩ የፈተና ነበር፤ ጭንቀት ሲገባኝ ችፌው ሁልጊዜ ይብሳል፤ ያን ሰሞን አንገቴ ድረስ ወጥቶብኝ ነበር። እናቴ አየችኝና ቁጭ አለች። «በቃ፣ አለቀላት» አለች። እኔን እያየች ነበር የተናገረችው፣ ያለቀላት ግን እህቴ ነበረች።

ዘዴው የእትዬ ነው። «ምን አለቀላት!» አለች። «ሴትዮዋ የሚያውቁት ሁለት መሆናቸውን ነው። አንዷን አይተዋል፤ እሷኑ ደግመው ይዩ።»

እናቴ አማተበች። እህቴ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንቺ ካልሽ ነው» አለችኝ። ወዲያው እሺ አልሁ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልሁት፤ ይህን ዛሬም አልክድም።

ሴትዮዋ ሊመጡ በተባለበት የገበያ ቀን እህቴን የእኔን ሹራብና ጫማ አለበስናት። እግሯ በገጠር መንገድ ሰፍቶ ጫማው አልገባ ብሎ ስንት ታገልን። እጇ ሻካራ ስለሆነ እትዬ በቅቤ ታሸው ጀመር። ግራ ሌባ ጣቷ ላይ ስትደርስ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች።

«የማጭድ ጠባሳ ነው፤ ጤፍ ስናጭድ። የቆየ ነው።»

«ተይው በይ። የሚፈለገው ችፌ ነው፤ ጠባሳ ማን ይፈልጋል።»

እኔን ጓዳ አስገቡኝ፤ የበርበሬው ጆንያ ከሚደረደርበት። እናቴ መጋረጃውን ስታወርድ «ስለ ማርያም፣ እንዳታስነጥሺ» አለችኝ።

ከጆንያዎቹ ጀርባ ቁጭ እንዳልሁ ደስታዬ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ሴትዮዋ ሊያዩ የመጡት እኔን ነው፤ እንዳያዩ የተሸሸግሁትም እኔ ነኝ። የበርበሬው ብናኝ የተሰነጠቀውን ክርኔን ለበለበው። እንዳልፎክት እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት።

የልጁ እናት ገቡ፤ ሰላምታው ረዘመ።

«በርበሬ አላችሁ ቢሉኝ ልገዛ ነው» አሉ።

«አለን እማማ። የቡሬ ነው፣ ምርጥ።»

«እኔም እኮ ከዚያው ነኝ።»

ከበርበሬ አገር ተነሥተው በርበሬ ሊገዙ መምጣታቸው ሁላችንንም ያሳቀን ነገር ነው፤ እሳቸውም ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ወዲህ ቅረቢ። እጅሽን።» ሲያገላብጡት ታወቀኝ። «የከተማ ልጅ ሆነሽ እጅሽ ምነው እንዲህ ሻከረ?»

«በርበሬ ስትወቅጥ ነዋ!» አለች እትዬ ፈጥና። «እኔ ቤት ሰነፍ አይበላም።»

«እሰይ፣ እንዲያ ነው። ክርንሽንስ? አንገትሽን እስቲ ዘወር አድርጊው።»

ያን ጊዜ አስነጠስሁ። በሁለት እጄ አፌን ብይዝም አልቆመልኝም።

«ማነው?»

«ድመቷ ናት» አለች እትዬ።

«የፍኖተ ሰላም ድመት እንደ ሰው ታስነጥሳለች?»

«በርበሬ ቤት ያደገች ድመት ናት፣ እማማ። ምን ታድርግ።»

እናቴ ትንፋሿን ውጣ እንደቀረች በመጋረጃው ቀዳዳ ታየኛለች። ሴትዮዋ ግን ሌላ አልጠየቁም። አንድ ኪሎ በርበሬ አስመዘኑ፣ መረቁን፣ ሄዱ። በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩ።

ሠርጉ ላይ አልነበርሁም። ሁለታችን ጎን ለጎን ብንቆም ነገሩ ይገለጣል ተብሎ «ፈተና ላይ ናት» ተባለልኝ። በአንድ ማኅፀን እህቴ ሠርግ ቀን ፍኖተ ሰላም በርበሬ ስቀነጥስ ዋልሁ። ማታውን አንድ ዘመዳችን በጨርቅ የተቋጠረ የድፎ ዳቦ ቁራሽ አመጣልኝ፤ እህቴ በእጇ ቆርሳ የላከችው ነው። ከሣጥኑ ላይ አስቀምጬው ቆየሁ፤ ሲደርቅ በላሁት።

ከዚያ በኋላም አማቷ ባሉበት ስገኝ በሙቀት እንኳ ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ላይ ውኃ ሳቀብላቸው እጄን ያዙና ጣቴን ትክ ብለው አዩት። ችፌ እየፈለጉ መሰለኝ። ምንም ሳይሉ ለቀቁኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ እየተማርሁ፣ እየሠራሁ፣ በመጨረሻ ባሕር ተሻግሬ በረዶ የሚበዛበት ሰሜናዊ አገር ገባሁ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። አንዱን ሽማግሌ አንሥቼ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን እታጠባለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቀው። ተኝቶልኝ የነበረው ችፌ በዚያ ሳሙናና በዚያ ደረቅ ብርድ ተነሣብኝ፤ አሁን ደግሞ የእጄን መዳፍ ያዘ።

በዚሁ ሰሞን እህቴ ደወለች። ባሏ እርሻውን ለወንድሙ ትቶ ቡሬ ከተማ ሱቅ ከፍቷል፤ ከተማ ገብተዋል። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿ ገጠር የተወለዱ ናቸው፤ ደህና ናቸው። ከተማ የተወለደችው ሦስተኛዋ ሴት ልጅ ግን ክርኗ መታጠፊያ ላይ ወጣባት። ስልኩ ላይ ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ማንም እንዳይሰማት።

«እንዳንቺው ነው» አለችኝ። «የባሌ እህቶች 'በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ከየት አመጣሽው?' ይሉኛል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይሰበሰባል አሉ።»

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ዝም ማለቱ ነው የሚያስፈራኝ። ቢሰዱኝስ? ሦስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?»

«አማትሽስ?»

«እሳቸውም ዝም ብለዋል።»

የዋሸነው ውሸት እየዞረ መጥቶ በእሷ ትከሻ ላይ ማረፉን አየሁ። ስንት ዓመት ለንስሐ አባቴ ስናገረው ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ «የዋሸሻት ሴት ታውቀዋለች?» ብለውኝ ነበር። «አታውቅም አባቴ» ብዬ፣ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመርሁ።

በእጄ ምክንያት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሟ ዕድሜዋ የገፋ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። መዳፌን እያየች ጠየቀችኝ።

«ወንድም እህት አለሽ?»

«መንታ እህት አለችኝ። አንድ ነን፤ ሰው አይለየንም።»

«እሷም አለባት?»

«የለባትም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ስላደግንበት ቤት፣ ስለ ጭስ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ከብት ሳይቀር ጠየቀችኝ። ደግሞም «በቤተሰባችሁ አስም ያለበት፣ አቧራ ወይም አበባ ሲያገኘው አፍንጫው የሚያስቸግረው ሰው አለ?» አለች። የእናቴ ወንድም ትዝ አለኝ፤ ሣር ባበበ ቁጥር ዓይኑ እያለቀሰ የሚከርም ሰው ነበር። እነዚህ ነገሮች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አለችኝ፤ አንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንዱን ሰው በቆዳው፣ ሌላውን በደረቱ፣ ሌላውን በአፍንጫው ይይዙታል።

ከዚያ ስለ ቆዳ አስረዳችኝ። የአንዳንድ ሰው ቆዳ ከዘረመሉ ጀምሮ መከላከያው የሳሳ ነው። እኔ በራሴ አገር ነገር ተረዳሁት፤ ምርጊቱ የሳሳ ግድግዳ ነው። ከውስጥ እርጥበቱ ይወጣበታል፣ ከውጪ ብናኙና ሳሙናው ይገባበታል፣ ያን ጊዜ የሰውነት ዘብ ደንግጦ ከልኩ በላይ ይዋጋል። ችፌ ማለት የዚያ ውጊያ ውጤት ነው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

«ዘረመላችን አንድ ከሆነ እህቴ እንዴት ተረፈች?» አልኋት።

«ከዘረመሉ በላይ የሚሠራ ነገር ስላለ ነው» አለች። ፊደሉ ሳይለወጥ፣ የትኛው ቃል ጮክ ብሎ ይነበብ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚሉ ጥቃቅን ምልክቶች ከላዩ ይቀመጣሉ አለችኝ። ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል። ምልክቶቹ ማኅፀን ውስጥ መጻፍ ይጀምራሉ፤ ከተወለድን በኋላም ጭሱ፣ ምግቡ፣ ጭንቀቱ፣ ያደግንበት ግቢ አፈርና ከብት ሳይቀር እጁን ያስገባል ተብሎ ይታሰባል።

እሷ ይህን ስትናገር እኔ አባቴን ነበር የማየው። በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዜማውን ሳይጨርስ ወደ እርሻ ቢመለስም አንድ የብራና ቅጠል አስቀርቶ ነበር። ለበዓል ስወርድ እያሳየኝ «ፊደሉን ማንም ያነበዋል» ይለኝ ነበር። «ከላዩ ያሉትን እነዚህን ትንንሾች አየሻቸው? ይቺ ድምፅ ድፊ ትላለች፣ ይቺ ያዢው ትላለች። ምልክቱ ከሌለ ዜማ የለም።» እኔና እህቴ አንድ ገጽ ነን። እሷን በአንድ ምልክት አዜሟት፣ እኔን በሌላ።

እትዬ ዘር ነው ስትል፣ እናቴ ሳሙና ነው ስትል፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው ነበር ለካ። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት ሳቀች፤ ግን ወዲያው አስጠነቀቀችኝ።

«ምልክቱን የጻፈው ሳሙናው ነው፣ በርበሬው ነው ብዬ በጣቴ ላሳይሽ አልችልም። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። አክስትሽን እንዳትወቅሻት።»

እትዬን አልወቀስኋትም። የትምህርት ቤት ክፍያዬን እየከፈለች፣ እየጸለየችልኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሐኪሟ ሌላም አለችኝ፤ ዘር ያዘዘው ሁሉ የግድ አይወጣም፤ የወጣውም ቆዳው በቅባት ከተጠበቀ፣ የሚያስቆጣው ነገር ከራቀለት፣ ሲብስም ሐኪም ካየው ይበርዳል። እቤት ስደርስ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ ብዙ አልጸለይሁም። የምለምነው ነገር አልነበረኝም፤ ማድረግ ያለብኝን አውቄዋለሁ። የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ለእህቴ አማት ስልክ ደወልሁ።

«እማማ፣ አንቱን የዋሸንዎት ነገር አለ።»

«በይ ተናገሪ፤ ይኼ ስልክ ቶሎ ይቆረጣል።»

«ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ያዩዋት እኔ አልነበርሁም፤ እህቴ ናት። ደግመን እሷኑ ነው ያሳየንዎ። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ችፌ ነበረብኝ፤ አሁንም አለብኝ። የልጅቷ ከእኛ ወገን ነው።»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «እማማ?» አልሁ።

«ድመቷ አንቺ ነበርሽ በይኛ።»

«ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ! እናቷ ቤት እጇን ይዤ አይቻታለሁ። ፍኖተ ሰላም ደግሞ ያንኑ እጅ ሰጣችሁኝ፤ በዚያው ጣት ላይ ያው የማጭድ ጠባሳ። መንታ መልክ ይጋራል፣ ደም ይጋራል። ጠባሳ ሲጋራ የት አየሽ? ክርስትናው ዕለት ደግሞ ያንቺን ጣት አየሁት፤ ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ እህቴ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሽማግሌው ባለቤቴ አውድማ የማይወጡት ኩራት ይመስላችኋል አይደል? ጌታ ናቸው ትላላችሁ። አቧራ ሲያገኛቸው ደረታቸው ያፏጫል፤ አባታቸውም እንደዚያው ነበሩ። ሴቶች ልጆቼን ስድር ለማን ነገርሁ? ለማንም። የሰው ጓዳ ልፈትሽ ሄጄ፣ ስታስነጥሺ የራሴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ምን ልበል? በርበሬዬን ገዝቼ ተመለስሁ።»

ሐኪሟ ስለ ደረትና ስለ ቆዳ የነገረችኝን ነገርኋቸው፤ የልጅቷ ችፌ ከሁለቱም ወገን የመጣ ሊሆን እንደሚችል።

«እንግዲህ ይህን አንቺው ለልጆቼ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ የእኔን እናገራለሁ።»

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌው በተሰበሰበበት ቀን ስልኩን ጮክ አድርገው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። በሩቅ የዶሮ ድምፅ፣ የሰው ሳል ይሰማኛል። እንዳሰብሁት አይደለም የተናገርሁት፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ጓዳ የነበርሁት እኔ ነኝ አልሁ። እህቴ የተመረጠችው በሐሰት መሆኑን፣ ሐሰቱም የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ችፌ እንደማይጋባ፣ የልጅቷም ሕመም የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ነገርኋቸው። አማትየው ደግሞ የእሳቸውን ተናገሩ። አንዷ ሴት ልጃቸው «እማዬ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፤ ሌላዋ «አበስኩ ገበርኩ» አለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩና ምንም የማይሰማ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከፍ ብለው «እንግዲህ ሁለት ቤት ተያይቶ ተሸዋውዷል፤ ማን ማንን ይሰድዳል?» ሲሉ ለየሁት።

የምጠብቀው የባሏን ድምፅ ነበር፤ እሱ ሳይናገር ስልኩ ተቆረጠ።

ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ጧት ለሥራ ስወጣ ደወለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለይ አለኝ።

«ምን ሆነሽ? ምን አለሽ?»

«ምንም አላለም። ጎህ ሳይቀድ ልጅቷን አዝሎ ወጣ። ደንግጬ ተከተልሁት፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘሁት። ሰልፉ ረጅም ነው። አንዲት ሴትዮ ቸኩያለሁ፣ ወረፋውን ልቀቅልኝ ብትለው፣» አለችና ትንፋሿን ሳበች፣ «ዛሬስ ለማንም አልለቅም አላት።»